በቤት የተሠራ የራውተር ጠረጴዛ ስለሚያስፈልገው መነሻ ችካል

የዚህ ጽሑፍ ዐላማ በቤት በተሠራ የራውተር ጠረጴዛ ላይ የምትተከለው አንዲት አጭር ችካል ለምን እንደምታስፈልግ፣ ከምን እንደምትሠራና በየትኛው ጐን እንደምትቆም ማስረዳት ነው። ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ቁመቷ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ዋጋዋም እንደ ምንም የሚቈጠር ነው። ነገር ግን ያለ እርሷ የሚሠራ ሰው የሚያስይዘው ጣቶቹን ስለ ሆነ፣ ጉዳዩን በትንሽነቱ ልናልፈው አልቻልንም።

ጥናቱን ያደረግነው በጨፋ ሮቢት ነው። ጨፋ ሮቢት በአማራ ክልል በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን የምትገኝ፣ ስሟንም የቦርከና ወንዝ ከሚያጠጣው ከሰፊው የጨፋ ሜዳ የወሰደች ከተማ ናት። ወደዚያ የሄድነው የገጠር ዕቃዎችን አሠራር ለማየት ነበር፤ ሞፈርና ቀንበር፣ በርጩማና ሙቀጫ ስንመለከት ከአንድ አናጢ ቤት ደረስን። እኒህ ሰው ከዋንዛና ከባሕር ዛፍ በር፣ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራሉ። በእጅ የሚያዝ አነስተኛ ራውተር ገዝተው፣ ለማሽኑ የተዘጋጀ ጠረጴዛ በአቅራቢያቸው ስላላገኙ፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ችፑድ ላይ ቀዳዳ አውጥተው ማሽኑን ገልብጠው ከሥሩ አሰሩት። ቀጥ ያለ ጣውላ ሲያስገቡበት ሥራው አማረ። ከዚያ ቅስት ያለው የአልጋ ራስጌ አመጡ። እንጨቱ ምላጩን እንደ ነካ ከእጃቸው ተመንጭቆ ግድግዳውን መታው፤ የግራ እጃቸው የመኻል ጣት ጥፍርም ተላጠ። ጥፍር ብቻ በመሆኑ አመስግነው፣ እኛ እስክንደርስ ድረስ ጐባጣ እንጨት ወደ ማሽኑ አላስጠጉም ነበር። ጋሼ፣ ማሽኑ ምን ሆኖ ነው ብለን ብንጠይቃቸው፣ ማሽኑ ደኅና እንደ ሆነና ያልገባቸው የእንጨቱ መዝለል እንደ ሆነ ነገሩን። እኛም መልሱን በቃል ብቻ ሰጥተን ከመሄድ ይልቅ ሠርተን ለማሳየት ቈየን።

አስቀድመን ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በሌሎች አገሮች አናጢዎች ይህን ዕቃ የሚጠሩት ሥራው በሚጀመርበት ቅጽበት ነውና «መነሻ» የሚለው ቃል ተገቢ ነው። ለሁለተኛው ቃል ካስማ፣ ዘንግ፣ ፒን የሚሉትን አሰብን፤ ችካል የሚለውን የመረጥነው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። በጨፋ ሜዳ ከብት የሚያስር ሰው ችካሉን ይተክላል፣ ከብቱም በገመዱ ልክ ዙሪያውን ይዞራል፤ ችካሉ እንዳይሄድ ይከለክለዋል እንጂ ወዴት እንዲግጥ አይነግረውም። የእኛዪቱም ችካል ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም። በአናጢዎች አፍ ያሉትን ሌሎች ቃላት ግን እንዳሉ ትተናቸዋል። የአገራችን የሥራ ቤት ቋንቋ ከጣልያንኛ ብዙ ወርሷልና ባንኮ፣ ሞርሳ፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ የሚሉትን በሌላ እንተካ ብንል አናጢው አይሰማንም።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ራውተር ማለት በጫፉ ላይ ስለታም ምላጭ የተሰካበት እጅግ ፈጣን ሞተር ነው። ባየነው ማሽን ላይ የተጻፈው ፍጥነት በደቂቃ 30,000 ዙር ነበር፤ ይኸውም በሴኮንድ 500 ዙር ማለት ነው። ምላጩ ሁለት ጥርስ ስላለው እንጨቱን በሴኮንድ 1,000 ጊዜ ይመታዋል። የምላጩ ስፋት 20 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የጠርዙ ፍጥነት በሴኮንድ 31 ሜትር ከግማሽ ያኽል፣ በሰዓትም ሲቈጠር 113 ኪሎሜትር ይሆናል። በከሚሴ በኩል ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ በዚህ ፍጥነት ከተማ ውስጥ ቢገባ ሕዝቡ እንደሚጮኽ የታወቀ ነው።

እንጨቱን በርጋታ፣ በሴኮንድ 50 ሚሊሜትር ያኽል ብንገፋው፣ እያንዳንዱ የጥርስ ምት የሚያነሣው የአንድ ሚሊሜትርን አንድ ሃያኛ ብቻ ነው። ይህ ለማሽኑም ለእጃችንም ቀላል ነው። ነገር ግን እንጨቱ ሾልኮ በዐሥር እጥፍ ፍጥነት ወደ ምላጩ ቢገባ፣ እያንዳንዱ ጥርስ ግማሽ ሚሊሜትር መንከስ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ምላጩ መላጩን ትቶ እንጨቱን መያዝና መወርወር ይጀምራል። ሰው አይቶ ወይም ተሰምቶት እጁን ለመሰብሰብ ከሴኮንድ አንድ አምስተኛ ያኽል ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ምላጩ 200 ጊዜ መትቷል። ስለዚህ እጄን ቶሎ አነሣለሁ የሚል ሠራተኛ ሒሳቡን አልሠራም።

ማሽኑ በእጅ ሲያዝና በጠረጴዛ ሥር ሲገለበጥ የሚለየውንም ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በእጅ ሲያዝ ምላጩ ከላይ ሲያዩት በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይዞራል፤ ሲገለበጥ ግን ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ የሚዞር ሆኖ ይታያል። ሠራተኛው ከጠረጴዛው ፊት ቆሞ እንጨቱን በራሱና በምላጩ መካከል ያደርጋል። በእርሱ በኩል ያለው የምላጩ ጠርዝ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እንጨቱም የሚገፋው በዚህ አንጻር፣ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። በተቃራኒው ቢገፋ ምላጩና እጁ ወደ አንድ ጐን ስለሚሄዱ ምላጩ እንጨቱን ከእጁ ነጥቆ ይሮጣል፤ እጁም አብሮ ሊሄድ ይችላል።

ቀጥ ያለ ጣውላ ሲሠራ ከምላጩ ኋላ ቀጥ ያለ መደገፊያ እንጨት ይታሰራል። ጣውላው ገና ምላጩ ሳይደርስ በመደገፊያው ላይ ስለሚያርፍ፣ ወደ ምላጩ ምን ያኽል እንደሚገባ አስቀድሞ ተወስኗል። ቅስት ያለው እንጨት ግን ቀጥ ባለ መደገፊያ ላይ ሊያርፍ አይችልም። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሥራ በጫፉ ላይ ትንሽ ኩሽኔታ ያለው ምላጭ ይመረጣል፤ ኩሽኔታው የእንጨቱን ጠርዝ እየተከተለ ይንከባለላል፣ ምላጩም ከኩሽኔታው አልፎ አይቈርጥም። ይህ መልካም ዘዴ ነው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ እንጨቱ ኩሽኔታውን ከመንካቱ በፊት ጥርሱን ይነካል። ጥርሱን ከነካ ጀምሮ ኩሽኔታው ላይ እስኪያርፍ ባለው ጥቂት ሚሊሜትር ውስጥ እንጨቱን ከሁለቱ እጆች በቀር የሚይዘው ምንም የለም። የአናጢው የአልጋ ራስጌ የዘለለው በዚህች ቅጽበት ነው፤ የመነሻ ችካልም ሥራ ይህችን ቅጽበት መሙላት ነው።

ችካሏ ከምላጩ በስተቀኝ ትቆማለች። ሠራተኛው ሞተሩን አስነሥቶ፣ እንጨቱን ገና ምላጩን ሳያስነካ በችካሏ ላይ አስደግፎ በቀኝ እጁ ይጫነዋል። ከዚያ በግራ እጁ የእንጨቱን ግራ ጫፍ ቀስ እያደረገ ወደ ምላጩ ይገፋል። እንጨቱ በችካሏ ዙሪያ እንደ መዝጊያ በማጠፊያው ይዞራል እንጂ በጠቅላላው ወደፊት አይሄድም። ከችካሏ እስከ ምላጩ 65 ሚሊሜትር፣ ከችካሏ እስከ ግራ እጅ 325 ሚሊሜትር ቢሆን፣ እጁ 5 ሚሊሜትር ሲሄድ እንጨቱ ከምላጩ ዘንድ የሚሄደው 1 ሚሊሜትር ነው። ምላጩ እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ሲገፋው ደግሞ፣ የዚያን ግፊት አንድ አምስተኛ ያኽል ኀይል ያለው እጅ ይመልሰዋል። የችካሏ ምስጢር ይህ የማንሻ ሕግ ብቻ ነው። እንጨቱ ኩሽኔታው ላይ ካረፈ በኋላ ሥራዋ አበቃ፤ እንጨቱ ከእርሷ ለቀቅ ብሎ በኩሽኔታው ብቻ ይሄዳል። ብዙ ጀማሪዎች ኩሽኔታውንም ችካሏንም አንድ ላይ ለማስነካት ይታገላሉ። ቅስቱ በተለዋወጠ ቍጥር ይህ ስለማይሆንላቸው እንጨቱ ይንቀጠቀጥና ጠርዙ ይጐረብጣል።

እኛም ከስሕተት አልዳንን። የመጀመሪያዪቱን ችካል የተከልነው በስተግራ ነበር። በወረቀት ላይ የሣልነው ሥዕል ማሽኑን በእጅ እንደ ተያዘ አድርጎ ስላሳየ፣ ስንገለብጠው ቀኙ ግራ ሆነ። በስተግራ ያለች ችካል ሁለት ነገር ያበላሻል፤ አንደኛ፣ ምላጩ እንጨቱን ወደ ቀኝ ስለሚገፋ ከችካሏ እያራቀው ይሄዳል፤ ሁለተኛ፣ ወደ ግራ የሚያልፈው ጠርዝ የተላጠው ስለ ሆነ፣ ችካሏ አሁን የጐደለውን ቦታ ትነካለች፣ እንጨቱም ይወላገዳል። ይህን ያወቅነው ሞተሩን ሳናስነሣ ነው፤ አናጢው ማሽኑን ከመብራት ነቅለው ምላጩን በጣታቸው ቀስ ብለው እያዞሩ ስለታሙ ወገን ወዴት እንደሚሄድ አሳዩን። ከዚያ ወዲህ ቀኝና ግራን በቃል መያዝ ትተናል። ሶኬቱ ተነቅሎ ምላጩ በሚቈርጥበት አቅጣጫ በእጅ ይዞር፤ በሠራተኛው በኩል ያለው ጠርዝ ወደሚሄድበት ጐን ችካሏ ትተከል። ይህ በማንኛውም ጠረጴዛ ላይ አይሳሳትም።

ሐሳቡ ከራውተር ይልቅ ያረጀ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤንታም እ.ኤ.አ. በ1793 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት ውስጥ እየተሽከረከሩ እንጨት ስለሚቈርጡ ምላጮች አትቷል። ከዚያ በኋላ በፋብሪካ የተስፋፉት፣ ዘንጋቸው ከጠረጴዛው መካከል ወደ ላይ የሚወጣ ከባድ ማሽኖች ጐባጣ እንጨት ሲሠራባቸው እንዲህ ያለ ችካል ይተከልባቸው ነበር። ራውተር ተገልብጦ ከጠረጴዛ ሥር ሲታሰር የእነዚያ ማሽኖች ታናሽ ወንድም ይሆናል፤ ስለዚህ የታላቁን ጥንቃቄ መውረስ አለበት። በእጅ የተሠሩ ጠረጴዛዎች ብዙ ጊዜ የሚያጡት ይህንኑ ነው፤ ማሽኑ ሲገዛ የእጅ ማሽን ስለ ነበር፣ ከጥቅሉ ውስጥ ችካል አይገኝምና።

ችካሏ ከምን ትሠራ በሚለው ላይ ከአናጢው ጋር ብዙ ተከራከርን። እኛ ብረት አልን። መጀመሪያ የሞከርነው 10 ሚሊሜትር የሆነ የግንባታ ቶንዲኖ ነበር፤ ጐኑ ጐርበጥባጣ ስለ ሆነ የዋንዛውን ጠርዝ ቧጠጠው። ለስላሳ ብረት አግኝተን በብርጭቆ ወረቀት ብንወለውለው ይህ ተወገደ። ነገር ግን ሌላ ችግር መጣ። ችፑዱ 18 ሚሊሜትር ብቻ ስለ ሆነ፣ ቀጭኑ ብረት ጥቂት እንደ ሠራ ቀዳዳውን አሰፋው፣ ችካሏም ዘመም ማለት ጀመረች። አናጢው ከመጀመሪያውም የወይራ እንጨት ይሁን ሲሉ ነበር። ምክንያታቸውን ስንጠይቅ፣ ችካሏ አንድ ቀን መውጣቷ እንደማይቀር፣ ያን ጊዜ ብረት ብትሆን ምላጩ ላይ ወድቃ እንደ ጥይት እንደምትተኰስ፣ ወይራ ብትሆን ግን ምላጩ ፈልጦ እንደሚጥላት አስረዱን። ምላጩ የሚሠራበት ጠጣር ብረት ደግሞ እጅግ ስለታም ቢሆንም ተሰባሪ ነው፤ ብረት ከነካ ጥርሱ ይሸረፋል። ከምላጩ የሚፈልቅ ስባሪ ወደ ዓይን ቢሄድ ደግሞ ከጥፍር መላጥ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ክርክሩን ተሸነፍን፤ መሸነፋችንም ትክክል ነበር። ብረት ዕድሜ ይሰጣል፣ ወይራ ግን ስሕተትን ይታገሣል፤ በቤት በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ስሕተት እንደሚኖር አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

አሠራሯ እንዲህ ነው። በደንብ የደረቀ፣ ቍጥር የሌለበት የወይራ እንጨት ተመርጦ 16 ሚሊሜትር ውፍረትና 90 ሚሊሜትር ርዝመት እንዲኖረው ተደርጎ ይከበባል። አናጢው ቶርኖ ስላልነበራቸው በመጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ከዚያ ስምንት ማዕዘን አድርገው በመላጊያ አወጡት፤ በመጨረሻም በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት። የላይኛው ጫፍ ሹል እንዳይሆን ዙሪያው ይድቦለቦላል። ከችፑዱ ሥር 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የባሕር ዛፍ ቁራጭ በኮላና በአራት ቪቴ ይጣበቃል፤ ለችካሏ ሥር የሚሰጠው ይህ ቁራጭ ነው። የማሽኑ መቀመጫ ስፋቱ 90 ሚሊሜትር ስለ ነበር፣ ቁራጩ ከእርሱ ጋር እንዳይጋጭ ከምላጩ መካከል በ48 ሚሊሜትር ርቀት ላይ እንዲጀምር አደረግነው። የችካሏ ቀዳዳ መካከል ከምላጩ መካከል 65 ሚሊሜትር ይርቃል። ትልቅ ማሽን ያለው ሰው መቀመጫው ሰፊ ስለ ሆነ ችካሏን እስከ 100 ሚሊሜትር ሊያርቃት ይገደዳል፤ ማንሻው ጥቂት ይዳከማል እንጂ ሥራው ያው ነው።

ቀዳዳው ችፑዱና ቁራጩ ከተጣበቁ በኋላ በአንድ ጊዜ፣ ቀጥ ብሎ ይበሳል። መሰርሰሪያው እንዳያዘም አንድ ሰው ከጐን ሆኖ ማዕዘን መለኪያ ይዞ ቢያይ ይረዳል። ከሥር በኩል ችካሏ ወርዳ እንዳትወድቅ ትንሽ ላሜራ በአንድ ቪቴ ይታሰራል። የችፑዱ 18 እና የቁራጩ 40 ሚሊሜትር ሲደመር 58 ነው፤ ስለዚህ 32 ሚሊሜትር ከጠረጴዛው በላይ ይቀራል። የአልጋው ራስጌ ውፍረት 25 ሚሊሜትር ነበርና ይህ ይበቃዋል። ችካሏ በኮላ አትጣበቅም። በመደገፊያ ሲሠራ መነቀል አለባት፤ ስትተከል ግን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ካልተደረገች የማትገባ ያኽል ጠበቅ ማለት ይገባታል።

ሲሠራ ልብ ሊባሉ ከሚገባቸው ነገሮች ዋናው አጀማመሩ ነው። ከእንጨቱ ማዕዘን ወይም ሹል ጫፍ መጀመር አይገባም፤ ምላጩ በቀላሉ የሚነክሰው እርሱን ነው። ከጠርዙ መካከል፣ ገር ከሆነው ቅስት ይጀመርና ዙሪያው ይፈጸማል። የውጭ ጠርዝ ሲሠራ እንጨቱ ራሱ ከላይ ሲታይ ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ይዞራል። የመስተዋት ክፈፍ የውስጥ ጠርዝ ሲሆን ግን ምላጩም ችካሏም በክፈፉ ውስጥ ይሆናሉ፣ ክፈፉም በሰዓት ዘንግ አቅጣጫ ይዞራል። ቀዳዳው ጠቦ ሁለቱን ማስገባት ካልቻለ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ባይሠራ ይሻላል። ብዙ እንጨት ማንሣት ሲያስፈልግም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ምላጩ በየጊዜው ከፍ እየተደረገ በሁለትና በሦስት ዙር ይሠራ። ኩሽኔታው የጠርዙን ጕብጠትና ጐድጓዳ እንዳለ ስለሚገለብጥ፣ ጠርዙ አስቀድሞ በሞረድ መስተካከል አለበት፤ ማሽኑ ያስተካክለዋል ብሎ መተው ከንቱ ነው።

በእጅ ከያዙት በቀር ሌላ መያዣ የሌለውን ትንሽ እንጨት በተመለከተ ያለን አስተያየት አጭር ነው፤ ግራ እጅ ከምላጩ አንድ ስንዝር ሊርቅ የማይችልበት እንጨት ከትልቅ ጣውላ ጋር ተጣብቆ ይሠራ፣ ወይም በእጅ ሞረድ ይሠራ። ችካሏ እጅን ታግዛለች እንጂ አትተካም።

ከዚህ ሌላ ከማሽኑ ውጭ ያሉ ሁለት ነገሮች አሳስበውናል። የመጀመሪያው የመብራት መጥፋት ነው። ሞተሩ እየሠራ መብራት ቢጠፋ ሠራተኛው እንጨቱን በችካሏ ላይ እንዳስደገፈ ይጠብቃል፤ መብራቱ በድንገት ሲመጣ ማብሪያው ስላልተዘጋ ምላጩ ከእንጨቱ ጋር ተነካክቶ ይነሣል። መብራት በጠፋ ጊዜ መጀመሪያ ማብሪያው ይዘጋ፣ ሶኬቱም ይነቀል። ሁለተኛው ልብስ ነው። በቆላው ሙቀት የላላ ሽርጥና ነጠላ ይመቻል፤ የነጠላ ጫፍ ግን ከምላጭ ጋር አይስማማም። ጓንትም እንደዚሁ፤ ይጠብቀኛል ብሎ ያጠለቀው ሰው ጨርቁ ሲጠመጠም እጁን ይስብበታል። የምላጩ መያዣ ልክም መታየት አለበት። 6 ሚሊሜትር የሆነ የምላጭ እግር ሩብ ኢንች በሆነ መያዣ ውስጥ ቢገባ የጠበቀ ይመስላል፤ ልዩነቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ቢሆንም ሞተሩ ሲነሣ ምላጩ እየሾለከ ይወጣል፤ ይህንን ችካልም አይመልሰውም።

የአልጋው ራስጌ በአዲሲቱ ችካል ተሠራ። አናጢው መጀመሪያ ሞተሩን ዘግተው እንቅስቃሴውን ሦስት ጊዜ ደገሙት፤ ከዚያ አስነሥተው እንጨቱን በችካሏ ላይ አስደግፈው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆሙ። ግራ እጃቸው ሲገፋ ምላጩ መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ ቀጭን ፍቅፋቂ አወጣ፣ ኩሽኔታውም ሲያርፍ የማሽኑ ድምፅ ተለወጠ። የቀረው ዙር ከአንድ ደቂቃ አላለፈም። እኛ ግን አንድ ነገር ሳንገምት ቀርተን ነበር፤ የባሕር ዛፉ ቁራጭ በክረምት እርጥበት ሲያብጥ ቀዳዳው ጠብቦ ችካሏ ከቦታዋ አልነቀል አለች። አናጢው በዘነዘና ከሥር መትተው አወጧት፣ ከጐኗም በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ላጡላት፤ ለበጋው ደግሞ ወፈር ያለች ሌላ ወይራ ከበቡ። ሁለቱ ችካሎች ከባንኮው እግር አጠገብ በአንድ ገመድ ተንጠልጥለው ይገኛሉ።